ልጃችሁ የሬዲዮ ማሰራጫ ልሥራ ካለች

አልፎ አልፎ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ ከቸኮሌቱና ከስኒከሩ መሀል፣ አንዲት ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ትገኛለች። ውስጧ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ባለ ሁለት እግርና ባለ ሦስት እግር ጥቃቅን ቁርጥራጮች፣ አንድ ሁለት ሶኬት፣ ሲከፋም በቻይንኛ ብቻ የተጻፈ ወረቀት አለ። ኪት ይሏታል። ገጣጥሞ፣ በይዶ፣ ባትሪ ሰክቶ የሚሠራ ነገር ማውጣት የባለቤቷ ፋንታ ነው። የሰዓት ኪት አለ፣ የሚብለጨለጭ መብራት ኪት አለ፣ የድምፅ ማጉያ ኪት አለ። የዚህ ወር ወሬያችን ግን ስለ አንዷ ብቻ ነው፤ ስለ ሬዲዮ ማሰራጫዋ።

እሷን ለምን ለየናት? ሰዓቱም መብራቱም ቢበላሽ ጉዳቱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ማሰራጫን ግን ግድግዳ አያግደውም። ልጃችሁ ሳሎን ተቀምጣ ያበራችው ነገር ጎረቤት ቤት፣ ከዚያም አልፎ ይሰማል። ስለዚህ ወላጅ «ጎሽ፣ ስልክ ላይ ከማፍጠጥ ይሻላል» ብሎ ከመፍቀዱ በፊት፣ ወይም ደንግጦ «ወዲያ አስቀምጪው!» ከማለቱ በፊት፣ ከረጢቷ ውስጥ ያለው ምን ዓይነት ማሰራጫ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

በብዛት የሚሸጡት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው የኤፍ ኤም ማሰራጫ ነው። አንድ ወይም ሁለት ትራንዚስተር፣ ትንሽ ማይክሮፎን፣ እንደ እስክሪብቶ ስፕሪንግ የተጠቀለለች የመዳብ ሽቦ፤ በቃ ይኸው ነው። ልጆች የሚወዱት ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ድምፃቸው በማንኛውም የኤፍ ኤም ሬዲዮ ይሰማል። «የራሴን ጣቢያ ከፈትኩ» ለማለት ከዚህ የቀረበ መንገድ የለም።

እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። ማሰራጫው በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚሠራ የሚወስነው ያቺ የተጠቀለለች ሽቦ ናት። ጠምዛዛዋን ትንሽ ለጠጥ ስታደርጓት ፍሪኩዌንሲው ወደ ላይ ይወጣል፤ ጠበቅ ስታደርጓት ይወርዳል። እጃችሁን ስታስጠጉ እንኳ ከነበረበት ይሸሻል። የኤፍ ኤም ክልል የሚያልቀው 108 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ከ108 እስከ 137 ሜጋኸርዝ፣ የአቪዬሽን ነው፤ አውሮፕላን የሚመሩ የምድር መሣሪያዎችና አብራሪው ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር የሚነጋገርባቸው መስመሮች እዚያ ናቸው። ገርጂ ወይም ቦሌ ቡልቡላ የሚኖር ቤተሰብ ጣሪያው ላይ ዝቅ ብሎ የሚያልፈውን አውሮፕላን በየቀኑ ያያል። ጣቷን ሽቦ ላይ አድርጋ «የት ጋ ነው ያለሁት?» እያለች የምትፈልግ የ14 ዓመት ልጅ፣ 108ን ስታልፍ የሚነግራት ነገር ሰሌዳው ላይ የለም። የማሰራጫው ጉልበት ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን እዚያ ክልል ውስጥ ለሙከራ ተብሎ የተተወ ቦታ የለም።

ሌላም አለ። እነዚህ ኪቶች ማይክሮፎናቸው ስለሚስብ ብዙ ጊዜ የሚተዋወቁት የሰው ወሬ ለመስማት ነው። ቤት ውስጥ ሠራተኛ፣ እንግዳ፣ ታላቅ እህትና እጮኛዋ ባሉበት እንዲህ ያለ መጫወቻ የሚያመጣው ጠብ ከሬዲዮው ዕድሜ ይረዝማል።

ሁለተኛው ዓይነት ድምፅ የማያስተላልፍ፣ የሞርስ ምልክት ብቻ የሚልክ ትንሽ ማሰራጫ ነው። በዓለም ላይ ከሁሉ የታወቀው ፒክሲ የሚባለው ነው፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ10 ዶላር በታች ነው። ሁለት ትራንዚስተር፣ አንዲት ባለ 8 እግር የድምፅ ማጉያ ቺፕ፣ ሠላሳ ምናምን ጥቃቅን ዕቃዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዲት ክሪስታል አላት። ክሪስታሏ የብር መልክ ባለው ቆብ ውስጥ የተቀመጠች ስስ የኳርትዝ ቁራጭ ናት። የኤሌክትሪክ ግፊት ሲደርሳት በሰከንድ 7,023,000 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ከዚያ ወዲያም ወዲህም አትልም። በጣት ብትነኳት፣ ብትለጥጧት፣ ብትለማመጧት ያው 7.023 ሜጋኸርዝ ናት። ልጅ ሳታውቀው የማታልፈው አጥር አብሯት ተሠርቷል ማለት ነው። ይህ ፍሪኩዌንሲ ፈተና ተፈትነው ፈቃድና የመለያ ስም ለወሰዱ፣ ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ ለሚገናኙ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች የተከለለ ነው።

ስለ ፈቃድ ከተነሳ፣ እዚህ ላይ ግልጽ እንነጋገር። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ኪት መበየድና አየር ላይ መውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንቴና ሰክቶ ምልክት ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የማሰራጫው ትንሽነት ከዚህ ነፃ አያወጣም። ማሰራጫ ወደ አገር ሲገባም ያው ጥያቄ ይነሳል። ስለዚህ ሜሪላንድ ያለው አጎት ከመግዛቱ በፊት እዚህ ያለው ወላጅ ባለሥልጣኑ ዘንድ ጠይቆ ቢነግረው፣ ጉምሩክ ላይ ከመከራከር ይቀላል። «ማን ያየኛል» የሚለውን ብልጠት ልጅ ከወላጁ እንዳይማረው።

ኪቷ ቤት ገባች እንበል። አንቴና ሳይሰካ ምን ይሠራል? ከምታስቡት በላይ።

ሲኤምሲ አካባቢ የሚኖሩ አባትና ልጅ አሉ። አባት የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ ከአምፖል መቀየር ያለፈ የኤሌክትሪክ ሥራ ነክቶ አያውቅም። ልጅቷ 8ኛ ክፍል ናት። ፒክሲዋን ያመጣላት አጎቷ ነው። ሥራውን የጀመሩት ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክርክር የተነሳው ከእናት ነው፦ «ሽሮ በምንበላበት ላይ እርሳስ አታቀልጡብኝም!»

እናትየው ትክክል ናት። የተለመደው የመበየጃ ሽቦ 60 በመቶ ቲን፣ 40 በመቶ እርሳስ የተባለው ብረት ነው። እርሳስ ለልጅ አእምሮ መርዝ ነው፤ መንገዱም በአብዛኛው በእጅ አድርጎ ወደ አፍ ነው። የሚታየው ጭስ የእርሳሱ ሳይሆን ሽቦው መሀል ያለው ሙጫ ሲቃጠል የሚወጣ ነው። እሱም ቢሆን ደረት ያስቆጣል፤ አስም ያለበት ሰው አጠገቡ ባይሆን ይመረጣል። እርሳስ የሌለው ሽቦም አለ። ትንሽ ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል፤ ለጀማሪ እጅም ትንሽ ያስቸግራል። ልጅ ባለበት ቤት ግን እኔ ብሆን እሱን እገዛለሁ። እነዚህ ሰዎች እናትየውን ያስማሟት ጠረጴዛውን ትተው፣ በረንዳ ላይ አሮጌ የብረት ትሪ ዘርግተው፣ ከጨረሱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና እስከ ክንዳቸው ታጥበው፣ የሁለት ዓመቱን ወንድሟን በሩ ውጭ አስቀርተው ነው። ትሪው ከዚያ ወዲህ ለምግብ አይውልም።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ጫፉ የቀጠነ፣ ከተቻለ ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃ፤ ሽቦ መቁረጫ ትንሽ ፒንሳ፤ የተበየደን መልሶ ለማንሳት የሚያገለግል መምጠጫ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቴስተር የሚሉት መለኪያ። ቴስተሩ ላይ አትሰስቱ። ሌላው ሁሉ ካለው ተውሶ ይሆናል፤ ቴስተር የሌለው ጀማሪ ግን በጨለማ ነው የሚሠራው። ዓይን መከላከያ መነጽርም እንዲሁ፤ የተቆረጠ የሽቦ እግር እንደ ፌንጣ ነው የሚዘለው።

የመጀመሪያው ሰዓት የለቀማ ሰዓት ነው። ማንም መበየጃውን መሰካት የለበትም። ቁርጥራጮቹ ሁሉ በነጭ ወረቀት ላይ ይዘረጋሉ፣ ይቆጠራሉ፣ ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከራሉ። ሬዚስተሮች መጠናቸውን የሚናገሩት በቀለም ነው፦ ጥቁር 0፣ ቡናማ 1፣ ቀይ 2፣ ብርቱካናማ 3፣ ቢጫ 4፣ አረንጓዴ 5፣ ሰማያዊ 6፣ ሐምራዊ 7፣ ግራጫ 8፣ ነጭ 9። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ማለት 1፣ 0፣ ከዚያ ሁለት ዜሮ፤ 1,000 ኦም። ልጆች ይህን ቋንቋ ከአዋቂ ቀድመው ይይዙታል። ካፓሲተሮች ላይ ደግሞ 104 ወይም 103 የሚል በጉንዳን ፊደል ተጽፏል፤ የስልክ ካሜራ አጉልቶ ያነበዋል። እንደ በርሜል ቆመው የሚታዩት ካፓሲተሮች፣ ዳዮዱ፣ ትራንዚስተሮቹና ቺፕዋ ደግሞ አቅጣጫ አላቸው። ዳዮዱ በአንድ ጫፉ መስመር አለው፣ ትራንዚስተሩ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ ቺፕዋ ራስጌዋ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት አላት። ሰሌዳው ላይም ተመሳሳይ ሥዕል ታትሟል። ተገልብጠው ከገቡ ወይ አይሠሩም፣ ወይ ይቃጠላሉ።

አባት እዚህ ላይ ፈተና ውስጥ ይገባል። ልጅ ስትበይድ ማየት ቀላል አይደለም። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ጫፉ 350 ዲግሪ ይደርሳል፣ ቁርጥራጩ የሰሊጥ ያህል ነው። አባት እጁን ሲዘረጋ «አባዬ፣ አንተ ያዝልኝ እንጂ አትበይድልኝ» አለችው። «እሺ እሜቴ» ብሎ ሰሌዳውን በፒንሳ ያዘላት። ከዚያ በኋላ የእሱ ሥራ መያዝና ዝርዝሩን ማንበብ ሆነ።

ስለ ብየዳው ራሱ በጽሑፍ ብዙ ማለት አይቻልም፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ያበላሻሉ፣ ከዚያ እጅ ይለምዳል። ዋናው ነገር ሽቦውን መበየጃው ላይ አቅልጦ ማንጠባጠብ አይደለም። የዕቃው እግርና ሰሌዳው ላይ ያለው የመዳብ ቀለበት አንድ ላይ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ይሞቃሉ፣ ከዚያ ሽቦው እነሱን ሲነካ በራሱ ቀልጦ ይፈስሳል። ጥሩ ብየዳ እንደ ትንሽ ተራራ እግሩ ሰፍቶ፣ ጫፉ ሾጥጦ ይቀመጣል። እንደ ጤፍ ድቡልቡል ኳስ ሆኖ ከተቀመጠ መዳቡን አልያዘም፤ ዛሬ ቢሠራ ነገ ይለቃል። ከአጫጭሮቹ ዕቃዎች ጀምሮ ወደ ረጃጅሞቹ መሄድ ሥራውን ያቀላል፤ ቺፕዋ መጨረሻ ላይ ትገባለች፤ ሶኬት ካላት እሷን ሳይሆን ሶኬቷን ነው የምትበይዱት።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። መበየጃው ቀዘቀዘ። ቆመው ላለመጠበቅ በስልክ መብራት የቀሩትን ዕቃዎች ቀዳዳቸው ውስጥ አስገብተው፣ እግራቸውን አጠፍ አድርገው አስቀመጡ። መብራት ሲመጣ ተበየዱ፣ ሥራው አለቀ።

አሁን ሙከራ። አንቴና በሚሰካበት ቦታ ላይ 50 ኦም የሆነ ጭነት ይደረጋል፤ እያንዳንዳቸው 1 ዋት የሚችሉ ሁለት ባለ 100 ኦም ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ቢታሰሩ 50 ኦም ይሆናሉ። ማሰራጫዋ አንቴና ያገኘች ይመስላታል፤ ጉልበቷ ግን ወደ አየር ሳይሆን ወደ ሬዚስተሮቹ ሙቀት ይሄዳል። ያለ ጭነትም ያለ አንቴናም መሞከር ትራንዚስተሩን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ከአንቴና ጋር መሞከር ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህቺ ሁለት ሬዚስተር መሀል መንገዱን ትሰጣለች። ኃይሉ ከስድስት የባትሪ ድንጋዮች ይመጣል፤ 9 ቮልት። ሶኬት ላይ ከሚሰካ ነገር ጋር ሲነጻጸር ለልጅ እጅ የተሻለ ነው።

ጭነቱ ላይ ያለውን ጉልበት ለመለካት አንድ ዳዮድና አንድ ባለ 103 ካፓሲተር ይበቃሉ፤ ፈጣኑን የሬዲዮ ሞገድ ቴስተሩ ሊያነበው ወደሚችለው ቋሚ ቮልቴጅ ይለውጡታል። ልጅቷ ይህን ከአጎቷ ጋር በስልክ ተነጋግራ ሠርታ ጠብቃለች። የሞርስ ቁልፉን፣ ማለትም ሁለት ቁራጭ ሽቦ፣ አገናኘች። ቴስተሩ 0 አለ። ለቀቀች፣ ደገመች። 0። ድንጋዮቹን ቀየሩ። 0።

አራት ሰዓት ሙሉ አጎንብሳ የሠራችው ነገር ነው። ምንም አላለችም፤ ተነስታ ክፍሏ ገባች፣ በሩ ተዘጋ። እራት ላይም አልመጣችም።

ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ አባቱ ያደረገው ሳይሆን ያላደረገው ነው። ሌሊት ተቀምጦ፣ ዩቲዩብ ከፍቶ፣ ስህተቱን ፈልጎ ቢያስተካክለውና ጠዋት «ይኸው ሠራልሽ» ቢላት ኖሮ፣ ማሰራጫዋ የእሱ ትሆን ነበር። ወይም «ተይው፣ ሌላ እናስመጣለን» ቢላት፣ ብልሽት ማለት መጣል ማለት ነው ብላ ታምን ነበር። እሱ ግን ሰሌዳዋን ትሪው ላይ እንዳለች በጨርቅ ሸፈናት። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትምህርት ቤት ሲያደርሳት፣ «ቅዳሜ በቀን ብርሃን እንያት?» አላት። ትከሻዋን ሰበቀች።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐዩ በረንዳው ላይ እያለ ወጡ። ዝርዝሩን አባት አነበበ፤ ልጅ ሰሌዳው ላይ ያለውን አየች። ሬዚስተሮቹ ልክ ናቸው። ዳዮዱ ልክ ነው። ትራንዚስተሮቹ ልክ ናቸው። ወደ ኮይሎቹ መጡ። ኮይል ሁሉ እንደ ኤፍ ኤሙ ዓይነት ሽቦው የሚታይ አይደለም፤ የፒክሲ ኮይሎች አረንጓዴ የሆኑ ወፈር ያሉ ሬዚስተር ነው የሚመስሉት፣ ቀለምም እንደዚያው አላቸው። «ባለ 1 ማይክሮሄንሪ፤ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ወርቃማ» አለ አባት። ልጅ ጎንበስ አለች። «ቆይ። ይሄኛው ወርቃማ አይደለም፣ ቡናማ ነው።» ባለ 100 ማይክሮሄንሪው ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ ነው። በስልክ መብራት ወርቃማና ቡናማ አንድ ናቸው። መብራት በጠፋበት ሰዓት ሁለቱ ተቀያይረው ገብተዋል።

ይህ ስህተት ስንት እንደሚያስከፍል በቁጥር ማየት ደስ ይላል። ኮይል ፈጣን ሞገድን የማገድ ጠባይ አለው፤ ባለ 1 ማይክሮሄንሪው በ7.023 ሜጋኸርዝ 44 ኦም ያህል ያግዳል፤ ለመውጫው በር የታሰበው እሱ ነው። ባለ 100ው ግን 4,400 ኦም ያህል ያግዳል። በሩ ላይ ግንብ ተገንብቶበት ነበር ማለት ነው። ማሰራጫዋ ውስጥ ውስጡን እየሠራች ነበር፤ መውጫ ነበር ያጣችው።

ሁለቱን ኮይሎች ማንሳት ከመበየዱ የባሰ ነው። በችኮላ ሲጎተት የመዳቡ ቀለበት ከሰሌዳው ይገነጠላል። አንዱን እግር አሙቆ፣ መምጠጫውን ተጭኖ፣ ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቆ ወደ ሌላው መሄድ ነው። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። አባትየው ያን ግማሽ ሰዓት ሳይተነፍስ እንዳሳለፈው ይናገራል።

ቴስተሩ 5.4 ቮልት አለ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ስጦታ ነው። ዳዮዱ በራሱ 0.6 ቮልት ያህል ስለሚያስቀር ይደመርለት፤ 6። ሲባዛ በራሱ 36። ለሁለት ጊዜ 50፣ ማለትም ለ100 ሲካፈል 0.36 ዋት። የስልክ ቻርጀር እንኳ ቢያንስ 5 ዋት ይሰጣል። ልጅቷ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጽፋ ቀኑን አስቀመጠችበት።

ጆሮም የራሱን ድርሻ ይፈልጋል። አጭር ሞገድ ያለው የድሮ ሬዲዮ ቤታችሁ ካለ፣ አያት ቤት መኖሩ አይቀርም፣ ከ7 ሜጋኸርዝ ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ አስቀምጡትና ከማሰራጫዋ ትንሽ ራቅ ይበል። የፊልሙን ዓይነት «ዲት ዳህ» አትጠብቁ። ተራ ሬዲዮ ባዶ ሞገድን ወደ ድምፅ አይለውጥም። የሚሰማው ተቃራኒው ነው፤ ሬዲዮው ሽሽሽ ሲል ቆይቶ፣ ቁልፉ ሲነካ ጸጥ ይላል፤ ሲለቀቅ ሽሽታው ይመለሳል። እዚያ ቤት የመጀመሪያው መልእክት የተላለፈው በዝምታ ነው፤ እናትየው ከወጥ ቤት «ምነው ሬዲዮው ተቆራረጠ?» አለች።

ልጅቷ የላከችው ሁለት ፊደል ነበር። እያንዳንዱ አገር ለሬዲዮ ጣቢያዎቹ መነሻ የሚሆኑ ፊደላት በዓለም አቀፍ ስምምነት ተሰጥተውታል፤ የእኛ ኢ እና ቲ ናቸው። በሞርስ ኢ አንዲት ነጥብ ናት፣ ቲ አንዲት ሰረዝ። በጣም አጭር መነሻ ነው፤ ነጥብና ሰረዝ፣ አለቀ። ብቻ በመሀላቸው ትንሽ ካልተነፈሳችሁ ሁለቱ ተጣብቀው ኤ ይሆናሉ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ መለያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ነው፤ ያለውም 5 ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው። ነገሩ የምር የሆነባት ልጅ ካለቻችሁ የሚጠየቀው በር ያ ነው። በፈቃድ፣ በሚያውቅ ሰው ፊት፣ በሕጋዊ መለያ ስም የሚላክ አንድ ደቂቃ፣ ተደብቆ ከሚላክ ወር ይበልጣል።

ውጭ አገር ላላችሁ ዘመዶች አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን የአማተር ፈቃድ ለማግኘት ዕድሜ አይጠየቅም፤ ከ35 ጥያቄ 26 መመለስ ይበቃል፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሞርስ ፈተናም ቀርቷል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስት ልጅ በአንድ ክረምት ልትወስደው ትችላለች። ነገር ግን የመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ በዚህ ክልል ሞርስ የሚፈቅደው ከ7.025 እስከ 7.125 ሜጋኸርዝ ነው። ኪቷ ውስጥ የምትመጣው ክሪስታል ደግሞ 7.023 ናት፤ ከፍተኛውን ደረጃ ለያዙ ብቻ የተተወ ጠርዝ ላይ ታርፋለች። ለጀማሪ ተብላ የምትሸጥ ኪት ጀማሪ የማይፈቀድለት ቦታ ላይ መቀመጧ ያስቃል፤ ሻጮቹ ግን አይነግሯችሁም። መፍትሔው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ሌላ ክሪስታል ገዝቶ መቀየር ነው፤ ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው።

ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ ፒክሲዋ መሳቢያ ውስጥ ትግባ ማለት አይደለም። ሰሌዳዋ ማሰራጫ ብቻ ሳትሆን መቀበያም ናት፤ ቁልፉ ካልተነካ ታዳምጣለች። የቁልፉን ሽቦ ነቅላችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት፤ ያኔ በስህተትም አትልክም። ከዚያ ጭነቱን አውጥታችሁ 10 ሜትር ያህል ልባጥ ያለው ሽቦ ከበረንዳው ወደ ጓሮ ዛፍ ዘርጉና ጆሮ ማዳመጫ ስኩ። በቀን ብዙ አይገኝም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ይህ ሞገድ ከሰማይ እየተንጸባረቀ ሩቅ መሄድ ይጀምራል፤ ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ከአውሮፓ፣ ቀጫጭን ፉጨቶች እየተቆራረጡ ይመጣሉ። መቀበያዋ ቀላል ስለሆነች ብርቱ የአጭር ሞገድ ጣቢያ ሲኖር ሳይጠራ ሰተት ብሎ ይገባባታል፤ አትደንግጡ፣ አልተበላሸችም። የሞርስ ፊደል ገበታ አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። መጀመሪያ የምትለየው «ሲ ኪው» የሚለውን ነው፤ የሚሰማ ካለ ይመልስልኝ ማለት ነው።

ሽቦውን ከመብራት መስመር በጣም አርቁት፣ በላዩም በታቹም አይለፍ። ክረምት ላይ ደመናው ሲጠቁር፣ ገና ነጎድጓዱ ሳይሰማ፣ ከሰሌዳዋ ነቅላችሁ ጫፉን ከቤት ውጭ ጣሉት። ድንጋዮቹንም አውጧቸው፤ ውስጥ ከቆዩ ያፈስሳሉ።